የአክስቱ ልጅ ናት ወይስ የአጎቱ?

አሳይታ ላይ ሌሊት የሚመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን ግድግዳው ሲበርድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ የዋለ ብሎኬት ከመሸ በኋላም ለረጅም ሰዓት ያንኑ ሙቀት መልሶ ይተፋል። ሰዉ የገመድ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ግቢ ይወጣና ከአዋሽ በኩል ነፋስ እስኪመጣ ይጠብቃል። ወሬ የሚወራው፣ ሻይ የሚጠጣው፣ አንዳንዴም ፊልም የሚታየው በዚህ ጥበቃ መሀል ነው።

እኛ ያየነው በርጩማ ላይ ባስቀመጥነው ላፕቶፕ ነበር። አንዱ አልጋ ላይ እኔ፣ አንዱ ላይ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ መምህር ወዳጄ፣ አንዱ ላይ ጭነቱን አራግፎ የሚያድር የኮምቦልቻ ሹፌር ተጋድመናል። ከሁላችን ፊት ለፊት የመምህሩ አጎት በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ጥግ ላይ ሻይ የምታፈላ ወጣት ከሰሏን ታራግባለች። ፊልሙ ፒዬትሮ ጄርሚ እ.ኤ.አ. በ1961 የሠራው «ፍቺ በጣልያን ወግ» ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የሚያልፈውን ጽሑፍ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ መምህሩ ከእኔ ተቀብሎ ወደ አፋርኛ ያሻግራል። ስለዚህ በያንዳንዱ ቀልድ ሁለት ጊዜ ተሳቀ። መጀመሪያ ሹፌሩና ልጅቷ ይስቃሉ፣ ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው። የሁለተኛው ሳቅ አንዳንዴ ከቀልዱ ይረዝም ነበር፤ መምህሩ ከራሱ ምን ምን እንደሚጨምርበት እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሲሲሊ ውስጥ፣ ሀብቱ እያለቀ ማዕረጉ ብቻ የቀረው ፌርዲናንዶ የሚባል መኳንንት አለ። ማርቼሎ ማስትሮያኒ ነው የሚጫወተው፤ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ከንፈሩን በአንድ ጎን ሳብ ሳብ እያደረገ። ሚስቱ ሮዛሊያ በፍቅሯ ታፍነዋለች። እሱ ግን ልቡ ገና አፍላ በሆነች አንጄላ በምትባል ዘመዱ ላይ ወድቋል። መፋታት በሕግ የለም። በሕግ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር ይዞ «ለክብሬ ስል ገደልኳት» ያለ ባል ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ ታስሮ ይወጣል። ፌርዲናንዶም ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር የሚያፋቅርበትን ዘዴ መሸረብ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። መምህሩ ሰምቶ ተረጎመልን፦ «ቆይ እስቲ፤ ልጅቷ የአክስቱ ልጅ ናት ወይስ የአጎቱ?»

ፊልሙን አቆምኩት። መልስ አልነበረኝም። ጣልያንኛው «ኩጂና» ብሎ ያልፋል፤ በአባት በኩል ይሁን በእናት፣ በእህት ይሁን በወንድም አይለይም። እኔም «ዘመዱ» ብዬ ነው የሸፋፈንኩት። ለአፋር ግን ታሪኩ በሙሉ ያለው ቃሉ በዘለለው ቦታ ላይ ነው። የአባቱ እህት ልጅ ከሆነች አብሱማው ናት፤ በወጉ መሠረት ከሌላው ሁሉ በፊት የእሱ ድርሻ ናት። ሽማግሌው ቀጠሉ፦ ታዲያ አብሱማውን ለማግባት ይህ ሁሉ መከራ ምንድነው? ደግሞስ ሁለተኛ አድርጎ ቢያገባት ማን ከለከለው?

ሹፌሩ በበኩሉ የገረመው ሌላ ነው። «ሽማግሌ ጠርቶ ንብረቱን ተካፍሎ አይፈታትም እንዴ? ለዚህ ሰው ይገደላል?» አለ። እኔ ደግሞ ሰባት ቤት ተቆጥሮላቸው ካደጉት ወገን ስለሆንኩ፣ ዘመዱን መመኘቱ ራሱ ሆዴን ሲያገላብጠው ነበር። ሦስት ሰዎች አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ሦስት የተለያዩ ግድግዳዎች እናያለን። ሮማ ላይ ግድግዳው ከትዳር የማያስወጣ ነው። እኛ ዘንድ ወደ ዘመድ የማያስገባ ነው። አሳይታ ላይ ደግሞ ዘመድን ራሱን በር ያደርገዋል።

ስለ ቀድሞዎቹ የጣልያን የፍቅር ኮሜዲዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለ ሶፊያ ሎሬን ውበት፣ ስለ ማስትሮያኒ ኮት፣ ስለ ቬስፓና ስለ ባሕሩ ዳር ነው። እነዚህ እውነት ናቸው፤ እኔም ዓይን አለኝ። ግን ውበት ብቻውን አያስቅም። አሜሪካኖቹም ውብ ሰዎች ነበሯቸው፤ የእነሱ ፍቅረኞች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት በራሳቸው አለመግባባት ነው፤ አለመግባባቱ ሲፈታ ፊልሙ ያልቃል። የጣልያኑ ፍቅረኛ ከፊቱ ያለው የሚፈታ አለመግባባት አይደለም፤ ከፊቱ ያለው ቄስ ነው፣ እናት ነው፣ ዳኛ ነው፣ በመስኮት የምታይ ጎረቤት ነው። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ግድግዳ ነው፤ ሰው ሲገፋው፣ ሲዘለው፣ ሲሸውደው፣ አንዳንዴም ግንባሩን ሲያጋጭበት።

የእኛን የድሮ ሕግ ያሰበ ሰው ይህን በቀላሉ ያያል። በአማራው አገር ትዳር በሰማንያ ነበር፣ በደሞዝ ነበር፣ በቁርባንም ነበር። የማይፈታው የቁርባኑ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው እስኪያረጅ፣ ደሙ እስኪበርድ ድረስ ቁርባንን ሲሸሽ የኖረው። የጣልያን ሕግ ግን ሃያ ዓመት ያልሞላውን ወጣት ሁሉ እንዳስቆረበ ያህል ነበር። ፍቺ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላም ይሻር ወይስ ይጽና ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠበትና ጸና። አንድ ሀገር ሙሉ ያለ ማምለጫ በር ሲኖር፣ ፊልም ሠሪዎቹ መስኮት መፈለጋቸው አያስደንቅም።

የሚያስደንቀው የሠሪዎቹ ኑሮ ነው። ሶፊያ ሎሬን እ.ኤ.አ. በ1964 «ጋብቻ በጣልያን ወግ» በሚለው ፊልም ስትሠራ፣ እሷ ራሷ በገዛ አገሯ ሕግ ያላገባች ሴት ነበረች። ፕሮዲዩሰሩ ካርሎ ፖንቲ የመጀመሪያ ሚስቱን በሜክሲኮ ፈትቶ በ1957 ሶፊያን በዚያው በሜክሲኮ በውክልና አገባት፤ ጣልያን ሁለት ሚስት አግብተሃል ብላ ከሰሰችው። ጋብቻው ፈረሰ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ፈረንሳውያን ሆነው በ1966 እንደገና ተጋቡ። የፊልሙ ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ሁለት ቤት ነበረው፤ የዘመን መለወጫ ሌሊት ሲደርስ በአንደኛው ቤት ሰዓቱን ወደ ኋላ እየመለሰ በሁለቱም ቤት «ዘመኑ ተለወጠ» ብሎ ብርጭቆ ያጋጭ ነበር ይባላል። ይህን ወሬ የሰማሁ ዕለት ፊልሞቹን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ሰውየው ሲያስቅ የገዛ ግቢውን ነበር የሚያወራው።

ግድግዳ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዓይን ያስፈልጋል። «ፍቺ በጣልያን ወግ» ውስጥ ያለው ከተማ በሙሉ ዓይን ነው። አደባባዩ ላይ የተደረደሩ ወንዶች፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያሉ ሴቶች፣ ስም የሌለው ደብዳቤ የሚልኩ እጆች። ሚስቱ የከዳችው ባል ቀንድ አወጣ ይባላል፤ ደብዳቤውም ላይ ቀንድ ይሳልበታል። ይህን ማስተርጎም አልቻልንም። መምህሩ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አጎቱ ግን ቀንድ እንዴት ስድብ ይሆናል ብለው ጠየቁ። እንስሳ አርቢ ዘንድ ቀንድ ሀብት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሁለተኛው ሳቅ ሳይመጣ ቀረ።

ስለ ዓይን ግን ማስረዳት አላስፈለገንም። የአፋር ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ይቀመጣል፣ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት መጣህ፣ ማንን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ለይተህ ትናገራለህ፤ መዋሸት ነውር ብቻ ሳይሆን የሚያስጠይቅ ነው። ሽማግሌው የሲሲሊውን አደባባይ ሲያዩ የሰጡት ፍርድ ጠንካራ ነበር። ይህ ዳጉ አይደለም፤ ዳጉ ስም አለው፣ ይህ ስም የለውም አሉ። በዓይን የተከበበን ማኅበረሰብ ሁሉ አንድ አድርጌ ሳስብ የነበርኩት ሰውዬ እዚያ ላይ ታረምኩ። ማየት አንድ ነገር ነው፤ ላየኸው ነገር ኃላፊ መሆን ሌላ።

ፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ቦታ ይህን ጉዳይ የሚነካው ነው። ፌርዲናንዶ ሚስቱን ሊያፋቅራት ካሰበው ሰዓሊ ጋር ብቻዋን የሚተውበት ምሽት ያስፈልገዋል፤ ግን ዓይን በሞላበት ከተማ ብቻ መሆን ከየት ይመጣል? መልሱ ሲኒማ ነው። የፌሊኒ «ላ ዶልቼ ቪታ» ከተማዋ ይደርሳል፣ ቄሱ አትዩ ብለው ያወግዛሉ፣ በዚህም የተነሣ ሰዉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። የከተማው ዓይን በሙሉ አንድ ነጭ ሸራ ላይ ሲያፈጥ፣ ሮዛሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓይን ነፃ ሆነች። ሲኒማ ለሰው ልጅ ያደረገውን ነገር በዚህ አጭር ቀልድ ውስጥ ያህል ተገልጾ አላየሁም።

ከ«ላ ዶልቼ ቪታ» ጸሐፊዎች አንዱ ኤኒዮ ፍላያኖ ነው። ፍላያኖ ወደ እኛ አገር የመጣው ፊልም ሊሠራ አልነበረም፤ በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው ጦር ጋር በመኮንንነት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የጻፈው ብቸኛ ልብ ወለድ ኢትዮጵያ ውስጥ ጥርሱን ያመመው አንድ የጣልያን መኮንን አቋራጭ መንገድ ልያዝ ብሎ ከአንዲት ገላዋን ከምትታጠብ ሴት ጋር ተገናኝቶ በመጨረሻ ስለሚገድላት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የስትሬጋን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ይህ መጽሐፍ ነው። ያንን የጻፈ እጅ ነው ኋላ ሮማን ሌሊቱን ሙሉ ያስደነሳት። የእነዚህ ፊልሞች ቀላልነት ከምን በኋላ የመጣ ቀላልነት እንደሆነ ለማወቅ ይህ ይበቃኛል።

«በጣልያን ጊዜ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ጣልያን ለአያቶቻችን የአገር ስም ከመሆኑ በፊት የዘመን ስም ነው፤ የካቲት 12 ነው፣ ጋዝ ነው። ያው ዘመን መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፉርኖ፣ ቦርሳ፣ ቻው የሚሉ ቃላት በአፋችን እንዲበዙ አድርጎ ሄደ፤ አዲስ አበባ እምብርቷን እስከ ዛሬ ፒያሳ ትለዋለች። ታዲያ ኢትዮጵያዊ በጣልያን ፍቅር ሲስቅ ምን እየሳቀ ነው? አንዱ መልስ እ.ኤ.አ. በ1953 በተሠራው «ዳቦ፣ ፍቅርና ሕልም» ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዴ ሲካ ራሱ የካራቢኔሪ አለቃ ሆኖ ወደ አንዲት ደሃ የተራራ መንደር ይመደባል። ዩኒፎርሙ የተተኮሰ፣ ሪዙ የተበጠረ፣ ደረቱ የተነፋ ነው። ከዚያም ጂና ሎሎብሪጂዳ በባዶ እግሯ፣ አህያዋን እየነዳች ታልፋለች፤ የመንግሥቱ ሥልጣን በሙሉ እንቅልፍ ያጣል። አንድ ደሃ ሰው ዳቦ ሲገምጥ በውስጡ ምን አለ ተብሎ ይጠየቅና ሕልም እንጂ ሌላ እንደሌለው የሚናገርበት ቦታም አለ። ያ ዩኒፎርም ለእኛ ሰዎች ምን እንደነበረ ለሚያውቅ፣ በአህያ ነጂ ሴት ፊት ሲርድ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። በቀል አልለውም። ዕርቅም አልለውም፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቀበትም። ልኩን ማየት ነው፤ ያ የሚያስፈራ ሰውዬ እቤቱ ሲገባ እንደኛው የእናት ልጅ፣ እንደኛው ፍቅር የሚያጃጅለው መሆኑን ማየት።

የእኛ ሥነ ጽሑፍ በእነዚያው ዓመታት ምን ያደርግ ነበር? ጄርሚና ዴ ሲካ በትዳር ሕግ ሲያስቁ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ግድግዳው እዚያም አለ፤ ዘር፣ ማዕረግ፣ የአባት ቃል። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ግን ግድግዳውን አይሸውዱትም፣ ይሞቱበታል። በመጽሐፉ ውስጥ ግድግዳው የሚያስቅ መስሎ የታየው አንድ ሰው ጉዱ ካሳ ነው፤ እሱንም አገሬው እብድ አለው። በሲሲሊ ከተማ ጉዱ ካሳ ቢኖር ኖሮ ካሜራው የሚተከለው እሱ ጫንቃ ላይ ነበር ብዬ አስባለሁ። የፍቅር ትልቁ ነገራችን መቃብር የሆነው ከጣልያኖች ይልቅ ስለምናፈቅር አይደለም። ግድግዳችንን ከእግዜር እጅ የወጣ አድርገን ስለምናይ ነው፤ እነሱ ግንበኛውን ያውቁታል፣ አጎታቸው ነው፣ ሲሚንቶ እንደሰረቀም ያውቃሉ።

የኋላው ዘመን የአዲስ አበባ አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች፣ «የወንዶች ጉዳይ»ንና እሱን የመሰሉትን ማለቴ ነው፣ ሰልፍ አስይዘው ሲኒማ ቤት ሞልተዋል፤ እኔም ተሰልፌያለሁ። ግን የብዙዎቹ ግድግዳ ገንዘብ ነው፤ ሀብታም መስሎ የቀረበ ደሃ፣ ደሃ መስላ የቀረበች ሀብታም። ይህ ግድግዳ ዕጣ ሲወጣ ይፈርሳል። አብሱማን፣ ሰባት ቤትን፣ ቁርባንን የነካ ኮሜዲ እየጠበቅኩ ነው።

እዚህ ላይ «ጋብቻ በጣልያን ወግ» ይነሣብኛል። ኤድዋርዶ ዴ ፊሊፖ ለቲያትር ከጻፈው የመጣ ታሪክ ነው። ፊሉሜና በዝሙት አዳሪነት የኖረች ሴት ናት፤ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት፤ አንዱ የዶሜኒኮ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አትነግረውም። ቢያውቅ አንዱን ከፍ አድርጎ ሁለቱን እንደሚጥል ታውቃለች። ሰውየው የልጆቹን አረማመድ፣ ዘፈናቸውን፣ ሴት ላይ ያላቸውን ዓይን እየመረመረ ደሙን ይፈልጋል፤ አያገኘውም፤ በመጨረሻ ለሦስቱም አባት ይሆናል። ዘር ቆጥሮ ለሚኖር ሕዝብ፣ ለእኔም ለአሳይታውም ሽማግሌ፣ ከዚህ የከበደ ቀልድ የለም። የአክስቱ ልጅ ናት ወይስ የአጎቱ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ፊሉሜና የምትሰጠው መልስ ዝምታ ነው። ያን ፊልምም ላፕቶፔ ውስጥ ይዤው ነበር። አላወጣሁትም፤ ፈራሁ።

ፌርዲናንዶ በመጨረሻ ሚስቱን ተኩሶ ገደለ። ከተማው አከበረው፤ ሹፌሩ በጭብጨባ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጄርሚ ነገሩን መጀመሪያ እንደ መራራ ድራማ አስቦት ኋላ ወደ ኮሜዲ እንደለወጠው አውቃለሁ፤ ይህንንም ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሻይ የምታፈላው ልጅ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ ሴትየዋ ግን ምን አጠፋች?»

አላጠፋችም። ወደደችው፤ ሌላ ምንም። ፊልሙ ይህን ያውቃል፣ የሚስቀውም በገዳዩ ላይ ነው እንጂ በእሷ ላይ አይደለም ማለት እችል ነበር። ግን ሮዛሊያን ለረጅም ሰዓት አሰልቺ፣ ለፍላፊ፣ ከንፈሯ ላይ ጢም የበቀለባት አድርገው አሳይተውን፣ እስክትሞት እኛም ከባሏ ጋር ቸኩለናል። ግድግዳው ላይ ለመሳቅ አንድ ሰው ከሥሩ መቀበር ነበረበት። ጄርሚ እ.ኤ.አ. በ1964 «ተታልላ የተተወች» በሚል ፊልሙ፣ ያስነወራትን ልጅ ያገባን ወንድ በሚምረው ሕግ አሳቀ። በዓመቱ አልካሞ በምትባል የሲሲሊ ከተማ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል ልጅ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን አላገባም ብላ ችሎት ቆመችና አስቀጣችው። ያም ሆኖ ያ ሕግ፣ ለክብር መግደልን ከሚያቀልለው ሕግ ጋር፣ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ይህን እየሰማን ጣልያንን የምንታዘብ ከሆነ የራሳችንን እናስታውስ፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንም ጠላፊው ካገባት አይከሰስም ነበር፤ የተወገደው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። እኛ ያንን ግድግዳ «ድፍረት» በሚል ፊልም ያለ አንዳች ሳቅ ሠራነው። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ያን ሌሊት መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ብርጭቆውን እየሰበሰበች ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ ባሕር ላይ ነው። ፌርዲናንዶ አጭር እስሩን ጨርሶ አንጄላን አግብቷል፤ በጀልባ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እሱ ይስማታል፣ እግሯ ግን በስርቆሽ ጀልባውን ከሚነዳው ወጣት እግር ጋር ይነካካል። ሽማግሌው ያንን እግር ከሁላችን ቀድመው አዩት። ያኔ ብቻ ነው አፋርኛው ሳቅ ከአማርኛው የቀደመው።

በማግሥቱ ወደ ሰመራ ስመለስ ሎግያ ላይ ሻይ ልጠጣ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የነበረ፣ ያን ሌሊት እኛ ግቢ ያልነበረ ሰው፣ ከአሳይታ መምጣቴን ሲሰማ ወሬ ጠየቀኝ፤ ከእኔም ሳይጠብቅ የራሱን ነገረኝ። በባሕር ማዶ አንድ ባለ ብዙ ግመል ሰውዬ ሚስቱን ገደለ፤ ሚስትየዋ ምንም አላጠፋችም፤ ያገባትም ልጅ ዓይኗ ሌላ ላይ ነው። እንዲህ ነው የሰማሁት አለ፤ አየሁ አላለም።

«አንተ አይተሃል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይቻለሁ» አልኩት።

«እዚያ አገር ዝናቡስ?»

አሰብኩ። ከፊልሙ የማስታውሰው ነጭ ፀሐይ ብቻ ነው። «ደረቅ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሻዩን አማሰለ።